በደሴቲቱ ቤት ስምሽን ጻፍኩ

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ውድ ኤዶ ሀዎ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ዒሴ ነው። ባቡር ላይ ስለሚሠራ ጅቡቲ ይመላለሳል። ከውጭ አገር ከተመለስኩ ጀምሮ የማውቃቸውን የባቡር ሠራተኞች ሁሉ፣ “ሀዎ የምትባል፣ ደቻቱ ዳር ትኖር የነበረች፣ ረጅም፣ ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያላት ሴት ካያችሁ ንገሩኝ” እያልኩ እለምን ነበር። ባለፈው ሳምንት ዒሴ መጣና ጅቡቲ ገበያ ውስጥ ወተት ስትሸጪ እንዳገኘሽ ነገረኝ።

“ምን አለች?” አልኩት።

“‘ያ የወልደጻድቅ ልጅ፣ ወባው ለቀቀው?’ አለች” አለኝ።

ሴቱንም ወንዱንም “አንተ” የምትዪበትን አማርኛሽን ስሰማ ሳቅኩ፤ ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ ቀደመኝ። ለቆኛል፣ ኤዶ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በቋንቋሽ “አክስቴ” የምልሽ። ከለቀቀኝ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው።

ዒሴን አንድ ነገር ለምኜዋለሁ። አማርኛውን ወደ ሱማሊኛ ሲመልስልሽ ለእኔ አዝኖ ወይም ለአንቺ ተጨንቆ አንዲት ቃል እንዳይዘል። የማፍርበት ነገር እዚህ ውስጥ አለ። እሱንም እንደጻፍኩት ስሚው።

ከተለያየን ወዲህ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብቼ ሽመና ክፍል እየሠራሁ ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ለሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ላኩን፤ ዘጠኝ ወር ቆየሁ። ስለ ብርዱ አልነግርሽም፤ የድሬዳዋ ሰው ስለ ብርድ ቢነግሩት አያምንም። አብራኝ የሄደችው በድሪያ ናት፤ የመጋላ ሰፈሩ የልብስ ሰፊው የአብዲራህማን ልጅ። ቤቷ ሐረሪ፣ ከጎረቤት ጋር ኦሮምኛ፣ ገበያ ላይ ሱማሊኛ እየተናገረች ያደገች ልጅ ስለሆነች ጀርመንኛውን በአራት ወር ጨበጠችው። እኔ እስክመለስ ድረስ “ደህና አደራችሁ” እና “ክሩ ተበጠሰ” ከማለት ብዙም አላለፍኩም።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ እሑድ ሠልጣኞቹን ለሽርሽር ወሰዱን። በአውቶቡስ እስከ ባሕሩ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ደቻቱ ክረምት ላይ ከተራራው ወርዶ አሸዋውን ሁሉ ሲሸፍነው ታስታውሻለሽ? እንደዚያ ነው፤ ግን ማዶ የለውም፣ ቢጠብቁትም አይጎድልም። በድሪያ የመርከቡን ብረት ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ “ያ አላህ፣ በደህና መሬት አድርሰኝ እንጂ ሁለተኛ ሽርሽር የሚባል ነገር አላነሳም” ትል ነበር።

ሊያሳዩን የፈለጉት ሙዚየም ነው፤ የደሴቲቱ ሰዎች በድሮ ጊዜ እንዴት ይኖሩ እንደነበር የሚታይበት። እኔ ሙዚየም ሲባል የማውቀው ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ ወስደውን ያየሁትን ነው፤ ዘውድ፣ ካባ፣ ጋሻ፣ ሁሉም በመስተዋት ውስጥ። እዚህ ግን ያቆሙን አንዲት ዝቅ ያለች ቤት ፊት ነበር። ጣሪያዋ በሸምበቆ የተከደነ፣ ግድግዳዋ በኖራ የተቀባ፣ በሯ አጭር። ጎንበስ ሳይሉ አይገባም።

በሩ ላይ የተቀበለችን ፍራው ሊና የምትባል ሴት ናት። ፍራው ማለት ወይዘሮ እንደማለት ነው። ስድሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እጆቿ ትልልቅ፣ አነጋገሯ ዝግ ያለ። አስጎብኚ አትመስልም ነበር። ቡና ሳላፈላ ደረሳችሁብኝ የምትል የቤት እመቤት ነበር የምትመስለው።

የሚታየው ነገር ምን መሰለሽ? የዓሣ መረብ። መረብ የሚሠራበት የእንጨት መርፌ። መቅዘፊያ። የእንጨት ጫማ። ዓሣ በጢስ የሚያደርቁበት ምድጃ። ጥግ ላይ የእጅ መሸመኛ ነበረ፤ ሥራዬ ስለሆነ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እሱ ነው። ክሩ ላይ እጄን ሳሳርፍ ማንም አልተቆጣኝም። አልጋቸው ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ነው፤ እንደ ቁም ሣጥን በር አለው፣ ሲተኙ ይዘጉታል።

“አቦ፣ እነዚህ ሰዎች እንደ ልብስ ነው እንዴ የሚቀመጡት?” አለች በድሪያ በአማርኛ። ፍራው ሊና ቋንቋው ሳይገባት ገባት መሰለኝ፣ ፈገግ ብላ አልጋውን ከፈተችና፣ “እዚህ ውስጥ ሦስት ሆነን ተኝተናል” አለች።

መቅዘፊያው ላይ በቢላ የተቀረጸ ምልክት አየሁ። ባልዲውም ላይ ያው ምልክት፤ ጫማውም ላይ ያው። ምን እንደሆነ በበድሪያ በኩል ጠየቅኳት።

“ድሮ እዚህ ደሴት ላይ ብዙ ሰው ማንበብ አያውቅም ነበር” አለች። “እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት ነበረው። ማዕበል ጀልባ ቢሰብር፣ ባሕሩ ዳር የወደቀውን መቅዘፊያ ያገኘ ሰው በምልክቱ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ለባለቤቱ ይመልሳል።”

እዚያ ቆሜ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ ኤዶ። ወገኖችሽ ግመሎቻቸው አንገት ላይ በእሳት የሚተኩሱት ምልክት፤ አንቺም ዲል በምትዪው የወተት ዕቃሽ ላይ የተኮስሽው፣ ሦስት መስመር። ልጅ ሆኜ “ይሄ ምንድን ነው?” ስልሽ፣ “እኔ ፊደል የለኝም፤ ይሄ ስሜ ነው” ብለሽኝ ነበር።

በየዕቃው ሥር ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። በድሪያ እየዞረች ታነብልኝ ጀመር። “የግሬታ ባልዲ።” “የግሬታ መርፌ።” “የግሬታ ባል ጫማ፤ ከባሕር ያልተመለሰው።” ሁሉም የአንዲት ሴት ነው።

“ግሬታ እናትሽ ናት?” ብዬ አስጠየቅኳት።

“አይደለችም” አለች ፍራው ሊና። “ዘመዴም አይደለችም። በትልቁ ጦርነት መጨረሻ ላይ አገሬን ጥዬ፣ የታመመች ሕፃን ታቅፌ፣ በጀልባ እዚህ ደረስኩ። ስደተኛው ብዙ ነበር፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ነበር። አንዳንዱማ የጠላት ወገን አድርጎ ነው የሚያየን፣ አነጋገራችን ስለሚለይ። ግሬታ ግን በሯን ከፈተች። ልጄ በዚያ አልጋ ውስጥ ከሞት ተረፈች።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ግሬታ ሞተች። ልጅ አልነበራትም። ሹሞቹ የቤቱን ዕቃ ሊመዘግቡ መጡ። ባለቤት የለውም፣ አሮጌው ይቃጠል፣ ቤቱ የመረብ መጋዘን ይሁን አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። መዝግቡ፣ ግን ባለቤት የለውም ብላችሁ አትጻፉ አልኳቸው። ባለቤት አለው። አሁን እዚህ የለችም እንጂ አለው። ሳምንት ሙሉ ተመላለሱ፤ እኔም ሳምንት ሙሉ ቆምኩ። ሙዚየም የሚል ሰሌዳ የተሰቀለው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኔ የጠበቅኩት ግን የአንዲት ሴት ዕቃ ነው።”

በድሪያ ይህን ስትተረጉምልኝ ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሌሎቹ ሠልጣኞች አገሯ ናፍቋት ነው ብለው ወደ ውጭ ወጡ። ፍራው ሊና ከመደርደሪያው ላይ ወረቀት የተለጠፈበትን የሸክላ ኩባያ አንስታ ውኃ ሞልታ ሰጠችኝ።

“ይሄ እኮ የሚታይ ዕቃ ነው” አለቻት በድሪያ ደንግጣ።

“ካልተጠጣበት ምን ዕቃ ነው?” አለች።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ።

ነሐሴ 1969ን አንቺም አትረሺውም። አባቴ ከሁለት ወር በፊት ባቡሩ በፈንጂ ሲመታ ሞቶ፣ እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። መድፍ ከተማው ላይ መውደቅ ሲጀምር ጎረቤቱ በሙሉ ወደ ደንገጎ ተራራ ሸሸ። እኔ በወባ ተይዤ ቆሜ መሄድ አልቻልኩም። እትዬ በለጠች ደጃፌ ላይ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ሦስት ልጆቿን ይዛ ሄደች። ምን ታድርግ?

አንቺ ግን ገባሽ። “አንተ ልጅ፣ ጀርባዬ ላይ ውጣ” አልሽኝ።

“ኤዶ፣ አንቺ ሂጂ” አልኩሽ።

“ሄጄስ? ወተቱን ማን ይጠጣዋል?”

ተሸክመሽኝ ግቢውን ተሻገርሽ። አሥራ አንድ ቀን ቤትሽ ተኛሁ። ሰሌኖቹን ውኃ እየነከርሽ በራፉና መስኮቱ ላይ ትሰቅያቸው ነበር፤ ሙቀቱ ከትኩሳቱ ጋር እንዳይገድለኝ። ኪኒን ፍለጋ ድብደባው መሐል ከዚራ ሰፈር ድረስ በእግርሽ ሄደሻል። ስትመለሺ ጉንጭሽ ደም ነበር፤ ብርጭቆ ነው፣ መስኮት ተሰብሮ ነው አልሽኝ፤ የያዝሽውን ኪኒን ግን አላረጠብሽውም። ያ ጠባሳ የእኔ ነው። ዒሴ እንዲፈልግሽ ስነግረው የሰጠሁት ምልክትም እሱ ነው።

ሰዉ ከተራራው ተመለሰ። ጦርነቱ ከከተማው ቢርቅም ከሰው አፍ አልወጣም። ሱማሌ የሆነ ሁሉ “ሰርጎ ገብ” ተባለ። የወንድምሽ ልጅ ወደዚያኛው ወገን ሄዷል የሚል ወሬ ተነሳ፤ እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም። ታኅሣሥ ላይ ከዘመዶችሽ ጋር በመልካ ጀብዱ በኩል ወጣሽ። ቁልፍሽን መዳፌ ላይ አድርገሽ፣ “ዕቃዬን ዓይንህ አይልቀቀው፤ እመለሳለሁ” አልሽኝ። እኔ የጠየቅኩሽ “መቼ?” ብዬ ብቻ ነው። ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ሁለት ወር አልሞላውም። የቀበሌ ሰዎች የሸሸ ሰው ቤት ሊመዘግቡ መጡ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ ጽሕፈቴም ጥሩ ስለነበር ጻፊ ብለው እኔን ጠሩኝ። ሊቀመንበሩ ጓድ ክፍሉ መሐል ቤት ቆሞ ዕቃሽን አንድ በአንድ ይጠራል፤ እኔ እጽፋለሁ። ሰሌን፣ አምስት። የእንጨት ትራስ፣ አንድ። የወተት ዕቃ፣ አሮጌ፣ አንድ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ “ጎረቤት ነሽ። ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?” አለኝ።

ቁልፍሽ ኪሴ ውስጥ ነበር።

“አላውቃትም” አልኩ።

“እንግዲያው ባለቤት የሌለው ንብረት ብለሽ ጻፊ።”

ጻፍኩ፣ ኤዶ። በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈቴ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በደጅሽ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ማዶ አይ ነበር።

ያን እሑድ ለፍራው ሊና ይህን ሁሉ ነገርኳት። ከአገሬ ሰው ለማንም ያልተናገርኩትን ለማላውቃት ሴት፣ በማላውቀው ቋንቋ። በድሪያ እየተረጎመች አብራኝ ታለቅስ ነበር። ፍራው ሊና ሰምታ ስትጨርስ አልኮነነችኝም፣ አላጽናናችኝምም።

“ሞታለች?” ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

“አላውቅም።”

“እንግዲያው ከእኔ ይልቅ ዕድለኛ ነሽ” አለች።

ስንወጣ ጎብኚዎች የሚፈርሙበትን መዝገብ አቀረበችልኝ። ሰው ሁሉ ስሙንና አገሩን ነው የሚጽፈው። እኔ በአማርኛ፣ “ሀዎ ኦብሲዬ፣ ደቻቱ ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ኢትዮጵያ። በሯን የከፈተች” ብዬ ጻፍኩ። ምን እንዳልኩ በድሪያ ነገረቻት። ፍራው ሊና ወረቀቱን በእጇ መዳፍ አለሰለሰችውና ቀለሙ እስኪደርቅ መዝገቡን ሳትዘጋ ቆየች።

ሰኔ ላይ ተመለስኩ። ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ነው በማግስቱ ቀበሌ የሄድኩት። ጓድ ክፍሉ ያው ወንበሩ ላይ ነበር።

“1970 የካቲት ላይ የጻፍኩት መዝገብ ስሕተት አለበት፤ ላርም ነው የመጣሁት” አልኩት።

“ምን ዓይነት ስሕተት?”

“ባለቤት የሌለው ያልኩት ባለቤት አለው። ሀዎ ኦብሲዬ ትባላለች። ሰርጎ ገብ አይደለችም። በጦርነቱ ጊዜ እኔን ተሸክማ ያዳነች ናት።”

“ያኔ አላውቃትም ብለሽ ነበር።”

“ዋሽቼ ነው።”

“ለአብዮታዊ ኮሚቴ ሐሰት መናገር ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ” አልኩት። በእውነቱ አላውቅም ነበር።

አራት ቀን ቀበሌው እስር ቤት አደርኩ። አልመቱኝም። ቃሌን ሦስት ጊዜ አስጻፉኝ፤ ሦስቱም ጊዜ ያንኑ ጻፍኩ። ማን እንደላከኝ፣ ውጭ አገር ከማን ጋር እንደተገናኘሁ ጠየቁኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ ምግብ ይዛ የመጣችው እትዬ በለጠች ናት። በመስኮቱ በኩል ሳህኑን እያቀበለችኝ፣ “ያኔ ትቼሽ መሄዴን አልረሳሁትም” አለችኝ። “ተራራው ላይ ሆኜ ሞታለች ብዬ አልቅሼልሽ ነበር። ስንመለስ ቆመሽ አገኘሁሽ፤ ማን እንዳቆመሽም አውቃለሁ። አንቺ ከጀመርሽው እኔም እመሰክራለሁ።”

መሰከረችም። ነጠላዋን አጣፍታ ጓድ ክፍሉ ፊት ቆመችና፣ “ሀዎ ሰርጎ ገብ ከሆነች፣ የገባችው ይህችን ልጅ ለማውጣት ነው” አለች። ጨርቅ ሻጩ በሺርም መጣ፤ ያን ቀን ደም በደም ሆነሽ ከከዚራ ስትመለሺ ማየቱን ተናገረ። እንዲህ ያሉ ሰዎች አራት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ነበሩ። አንዳችን ሌላውን እየጠበቅን ዝም ብለን ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጓድ ክፍሉ አስጠራኝ። መዝገቡን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። “በጽሕፈትሽ ያበላሸሽው በጽሕፈትሽ ይስተካከል” አለኝና እስክሪብቶውን ገፋልኝ። አሮጌውን መስመር ሰረዝኩና ስምሽን ከነአባትሽ ጻፍኩ። እሱ ማኅተም አደረገበት። ስወጣ፣ “ትመጣለች?” አለኝ። “ካገኘኋት” አልኩት። “ብትመጣ የሚጠይቃት የለም” አለኝ። ይህንኑ በወረቀት አስጻፍኩት፤ ወረቀቱን ዒሴ ይዞልሻል። ስለ እሱ ብዙ ክፉ ነገር አስብ ነበር፤ ዛሬ ግን ማመስገን ካለብኝ ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ሁሉም እንደነበረ ተገኘ ብዬ አልዋሽሽም። ቤትሽ ውስጥ ከጅጅጋ በኩል ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ይኖራሉ፤ ዩሩብ የምትባል ሴት ከስድስት ልጆች ጋር። ሄጄ ደጁ ላይ ቆሜ ነበር። ትንሿ ልጅ ወጥታ እጄን ይዛ ልታስገባኝ ጎተተችኝ፤ ልቀቁ ለማለት አፌ እንቢ አለ። አንቺም ብትሆኚ አትዪም ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ተሳስቼ ከሆነ ስትመጪ ንገሪኝ። ከሰሌኖቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው የቀሩት፤ ሌሎቹ የኅብረት ሱቁ እህል ሥር ተነጥፈው አልቀዋል። ትራሱ ደህና ነው። ዲሉ አፉ ላይ ተሰንጥቋል። ያገኘሁትን ይዤ ቤቴ አግብቼዋለሁ። ዩሩብ ያንቺ ነገር ከተነገራት ወዲህ ግቢውን በጠረገች ቁጥር የእኔንም ደጅ ትጠርጋለች፤ ተይ ብላት አትሰማኝም።

የአባቴን ክፍል አጽድቼ ኖራ ቀብቼዋለሁ። ያንቺ ነው። ለጉብኝት አይደለም የምልሽ፤ ልትኖሪበት ነው። ጅቡቲ መቆየት ከመረጥሽም እኔ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፤ ባሕር ከእንግዲህ አያስፈራኝም። ይቅር በዪኝ ብዬ በደብዳቤ አልለምንሽም። እሱን ፊት ለፊት ነው የምለው፤ መልስሽን ፊትሽ ላይ ማየት አለብኝ። መቆጣት መብትሽ ነው። የፈለግሽውን ያህል “አንተ” እያልሽ ተቆጪኝ።

ያን ቀን ቁልፉን ስትሰጪኝ ማለት የነበረብኝን ግን አሁን እላለሁ። ፊደል አስተማሪዎቼን ሁሉ አመስግኛለሁ፤ አንቺን አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩም። ከዒሴ ተምሬ፣ ሦስት ጊዜ አስደግሜ፣ በአንቺ ቋንቋ ነው የምጽፈው። ማሀድሰኒድ፣ ኤዶ። ለጀርባሽ፣ ለወተቱ፣ ለኪኒኑ፣ ለአሥራ አንዱ ቀን። ማሀድሰኒድ።

በጀርባሽ ያዘልሽኝ ልጅሽ፣
ተሻለች ወልደጻድቅ